ቴሌቪዥኑ በግምት የሚሞላቸው ነጥቦች

ፎር ኬ የሚባለው የቴሌቪዥን ስክሪን በአግድም 3,840፣ በቁም 2,160፣ ሲባዛም ከ8 ሚሊዮን በላይ ፒክስሎችን፣ ማለትም ምስልን የሚሠሩ ጥቃቅን የብርሃን ነጥቦችን የያዘ ሲሆን፣ ፓል በተሰኘው ሥርዓት የተዘጋጀ የዲቪዲ ፊልም ግን 720 በ576 በመሆኑ ከሚያስፈልገው አንድ ሃያኛውን ብቻ ያቀርባል። የጎደለውን የሚሞላው የቴሌቪዥኑ ፕሮሰሰር ሲሆን፣ የአጎራባች ነጥቦችን ቀለምና ድምቀት አመዛዝኖ በመካከላቸው ሊኖር የሚገባውን ያሰላል፤ አሠራሩም አፕስኬሊንግ ይባላል። 1,920 በ1,080 ለሆነው ፉል ኤችዲ ስሌቱ ይቀላል፤ እያንዳንዱ ነጥብ በትክክል የአራት ነጥቦችን ቦታ ይይዛልና። ይሁን እንጂ የሚታከለው ግምት እንጂ ካሜራው ያየው ዝርዝር ስላልሆነ፣ ሻርፕነስ የተባለውን ማስተካከያ ከልክ በላይ ከፍ ማድረግ፣ ብዙዎች ጥራት የሚጨምር ቢመስላቸውም፣ በምስሎች ጠርዝ ዙሪያ ነጣ ያለ መስመር ያወጣል።