በቱቦ ውስጥ የሚከንፍ ባቡር



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ መንገድ ነው። የለመድነውን መንገድ ማለታችን ግን አይደለም። አየሩ ተመጥጦ በወጣለት ቱቦ ውስጥ እንደ ጥይት ይወነጨፋል ስለተባለ ባቡር ነው። ስሙን «ሃይፐርሉፕ» ይሉታል። አንዳንዱ ሰው «ዓለምን የሚለውጥ ነው» ይላል። ሌላው «ተረት ነው!» ብሎ ይስቃል። ታዲያ ማንን እንመን?

ነገሩ እኛን የሚመለከተን ማንበብ ስለቻልን ነው። ማንበብ የማይችለውን ሰው የሚያታልለው የሰማው ወሬ ነው። ማንበብ የቻለውን ደግሞ በወረቀት ላይ የሰፈረ ወሬም ሊያታልለው ይችላል። ስለዚህ ያነበብነውን መመዘንም እንማር። ዛሬ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ አሠራሩን እንረዳ። በፈረስ የጋለበ ሰው ይህን ያውቃል። ነፋስ በሌለበት ቀን እንኳ ፈረሱ ሲሮጥ ነፋስ ፊታችንን ይመታናል፤ ጋቢያችንን ወደ ኋላ ይጎትታል። ያ ነፋስ ከሌላ ቦታ የመጣ አይደለም። ቆሞ የነበረውን አየር እየገፋነው ስለምንሄድ እሱም መልሶ ይገፋናል። ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ግፊቱ ይብሳል።

እንግዲህ ሊቃውንቱ እንዲህ አሰቡ። ባቡሩን በትልቅ የብረት ቱቦ ውስጥ እናስገባው፤ ከቱቦው አየሩን በፓምፕ እናውጣ፤ ባቡሩም ከሐዲድ ጋር እንዳይፋተግ በማግኔት ኃይል እናንሳፍፈው አሉ። የሚገታው ነገር ካነሰ ፍጥነቱ ከመንገደኛ አውሮፕላን ሊበልጥ ይችላል። ሐሳቡ ትክክል ነው። የሚያከራክረው ሥራው ነው።

ሐሳቡ አዲስም አይደለም። በእንግሊዝ አገር ብሩኔል የሚባል ስመ ጥር መሐንዲስ ነበር። በ1847 በአየር ግፊት የሚሄድ ባቡር ሥራ አስጀመረ። ባቡሩ የሚሄደው በቱቦው ውስጥ አልነበረም። ቱቦው በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ተዘረጋ። በቱቦው ውስጥ በልኩ የተሠራ፣ እንደ ዘነዘና ያለ ብረት ነበር። ከፊቱ ያለውን አየር በእንፋሎት ሞተር ይመጡታል፤ ከኋላው ያለው አየር ይገፋዋል፤ እሱም ባቡሩን ይጎትታል። ብረቱን ከባቡሩ ጋር ለማያያዝ የቱቦው አናት ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰንጥቆ ነበር። ስንጥቁን በቆዳ ሸፈኑት። አየር እንዳያስገባም ሞራ ቀቡት።

ባቡሩ ሄደ። ፈጣን ነበር፤ ተሳፋሪውን የሚያፍን ጭስም አልነበረውም። ሰው ተደነቀ። ይሁን እንጂ የቆዳን ጠባይ እናንተው ታውቁታላችሁ። ቆዳው ደረቀ፣ ተሰነጠቀ፣ ተበጣጠሰ፣ አየር አስገባ። አንድ ዓመት ያህል ካገለገለ በኋላ በ1848 ቆመ። ገንዘባቸውን ያዋጡ ባለአክሲዮኖች ከሰሩ። ያን ትልቅ ሐሳብ የጣለው ቆዳ ነው!

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። በ2013 ኤሎን መስክ የተባለው የአሜሪካ ባለሀብት አንድ ጽሑፍ አወጣ። ከሎስ አንጀለስ ከተማ እስከ ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ይህን መንገድ በቱቦ ውስጥ በ35 ደቂቃ መጨረስ ይቻላል አለ። ፍጥነቱ በሰዓት እስከ 1,220 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ሥራውም 6 ቢሊዮን ዶላር ያህል ይፈጃል ብሎ ጻፈ። ወሬው ዓለምን አዳረሰ። ኩባንያዎች ተቋቋሙ። ብዙ ገንዘብ ፈሰሰ።

ውጤቱስ? ቨርጂን ሃይፐርሉፕ የተባለው ኩባንያ በኔቫዳ በረሃ 500 ሜትር የሚረዝም ቱቦ ሠራ። በ2020 ሁለት ሰዎችን አሳፈረ። ሁለቱም የራሱ ሠራተኞች ነበሩ። ፍጥነቱ በሰዓት 172 ኪሎ ሜትር ደረሰ። ጉዞውም በ15 ሴኮንድ ገደማ አለቀ። ኩባንያው በ2023 መጨረሻ ተዘጋ። እስቲ አስሉት። የተወራው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ሰው የተሳፈረበት 500 ሜትር ነው። ከሺህ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም።

የሚጠራጠሩት ሰዎች ምክንያት አላቸው። አንደኛ፣ ከላያችን ያለው አየር ክብደት አለው። ርዝመቱም ወርዱም አንድ ሜትር በሆነ ቦታ ላይ 100 ኩንታል ያህል ይጫናል። የማይሰማን ከውስጥም አየር ስላለ ነው። ቱቦው ባዶ ሲሆን ግን ከውስጥ የሚመክት የለም። ብረቱ ያን ሁሉ ጭነት ሌትና ቀን ሊሸከም ነው።

ሁለተኛ፣ ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። 100 ኪሎ ሜትር የሆነ የብረት ቱቦ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ቢጨምር 36 ሜትር ያህል ሊረዝም ይችላል። መተጣጠፊያ ካላገኘ ይጣመማል። መጋጠሚያ ከተበጀለት ደግሞ አየር በዚያ እንዳይገባ መጠበቅ አለበት። የብሩኔል ቆዳ ነገር እዚህ ላይ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ በዚያ ፍጥነት የሚሄድ ነገር ጠባብ ኩርባ አይወድም። መንገዱ ቀጥ ማለት አለበት። ተራራ ሲመጣ ዋሻ መቆፈር ግድ ነው፤ ዋሻ ደግሞ ገንዘብ ይበላል። አራተኛ፣ በ2013ቱ ጽሑፍ አንዱ ፉርጎ የሚይዘው 28 ሰው ነው። የጃፓን ፈጣን ባቡር ግን በአንድ ጉዞ ከ1,000 ሰው በላይ ያሳፍራል።

ታዲያ ይህን ሰምተን እንሳቅ? አንስቅም። የሳቁ ሰዎችም ተሳስተው ያውቃሉ።

በ1802 ማቲዩ የሚባል ፈረንሳዊ መሐንዲስ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ከባሕር በታች ዋሻ ይቆፈር ብሎ ነበር። በዘይት መብራት እያበሩ በፈረስ ጋሪ እንዲሄዱበት ነው ያሰበው። በ1880ዎቹ ቁፋሮ ተጀመረ፤ ነገር ግን እንግሊዞች የጠላት ጦር እንዳይመጣበት ሰግተው አስቆሙት። ያ ዋሻ በ1994 ተከፈተ። 50 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ዛሬ ባቡር ያለማቋረጥ ይመላለስበታል። ሐሳቡ ከታሰበ 192 ዓመት ሆኖት ነበር።

በማግኔት የሚንሳፈፍ ባቡርም ተረት ይመስል ነበር። በ2015 ጃፓኖች ሰዎችን አሳፍረው በሰዓት 603 ኪሎ ሜትር አስኬዱት። ይህም የሆነው አየሩ ሳይወጣ ነው። ለእንዲህ ያለ ባቡር የሚሠሩት መስመር አብዛኛው በዋሻ ውስጥ ያልፋል። በ2027 ይከፈታል ተብሎ ነበር፤ ቀኑ ተላለፈ። ሥራው ግን አልተተወም።

የእኛም አገር የባቡር ሐዲድ ሥራ ከጂቡቲ የተጀመረው በ1897 ነው። ድሬዳዋ በ1902፣ አዲስ አበባ በ1917 ደረሰ። 784 ኪሎ ሜትሩን ለመጨረስ 20 ዓመት ፈጀ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?

እንግዲህ ምን እናድርግ? ይህን ገበሬን ማስተማር አያስፈልግም። አዲስ ዘር ሲመጣለት «አላይህም» ብሎ አይጥለውም። ማሳውን በሙሉም አይዘራበትም። በጥግ ይሞክረዋል። ክረምቱን ያሳልፋል። ዝናብ ሲያጥር፣ ተባይ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ያያል። በመከር ይሰፍረዋል። ከዚያ በኋላ ይወስናል።

ያነበብነውንም እንደዚሁ እናድርገው። የተጻፈው ሐሳብ ነው፣ ሙከራ ነው ወይስ ለሕዝብ የሚሰጥ አገልግሎት? ሙከራ ከሆነ ስንት ሜትር ሄደ? ስንት ሰው አሳፈረ? ስንት ገንዘብ ፈጀ? ገንዘቡስ የማን ነው? ቢበላሽ ተሳፋሪው በየት ይወጣል? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሌለው ጽሑፍ፣ ቃሉ ምንም ቢያምር፣ ገና ያልታጨደ አዝመራ ነው።

የቱቦውን ባቡር ነገር ዛሬ ስንመዝነው ከሐሳብ አልፏል፤ ከሙከራ ግን አላለፈም። በ2024 በሆላንድ አገር 420 ሜትር የሚሆን የመሞከሪያ ቱቦ ተከፍቷል። መሞከራቸውን አንነቅፍም። እኛ «ደረሰ» የምንለው ግን እናት ልጇን ይዛ ተሳፍራ፣ በሰላም ወርዳ፣ በማግሥቱም የተመለሰችበት ቀን ነው።

በሉ፣ በዚህ ላይ እናንተም ተወያዩበት። በሰፈራችሁ «ይመጣል» ተብሎ የተነገረውን አንድ ነገር አንሡና በእነዚሁ ጥያቄዎች መዝኑት።