መሰናክል ያለ ጠባቂ

የዛሬው ርዕሳችን በውጊያ ዕቅድ ውስጥ ትልቅ ቦታ ያለው ነገር ነው፤ እሱም መሰናክል ነው።

መሰናክል ምንድን ነው? የጠላትን ግስጋሴ የሚያዘገይ ነገር ሁሉ ነው። ወንዝ፣ ገደል፣ የፈረሰ ድልድይ መሰናክል ነው። ታዲያ መሰናክል ብቻውን ይበቃል? አይበቃም።

እስቲ የማሳ አጥርን እናስብ። እሾሁ ከብቱን ለጊዜው ያቆመዋል። ጠባቂ ከሌለ ግን ከብቱ ስስ ቦታ ፈልጎ ይገባል። አጥሩ ለጠባቂው ጊዜ ይገዛለታል እንጂ ጠባቂውን አይተካም።

አሁን ወደ አዋሽ ወንዝ እንሂድ። ጊዜው መጋቢት 1933 ዓ.ም. ነው። የጣሊያን ጦር ከሐረርና ከድሬዳዋ ሲያፈገፍግ በአዋሽ ላይ ያሉትን ድልድዮች አፈረሰ። የወንዙ ገደል ጥልቅ ነው፤ መሰናክሉም ጠንካራ ነበር። ነገር ግን ማዶውን አጥብቆ የያዘ በቂ ጦር አልነበረም። በየገጠሩም አርበኞች ጣሊያንን ወጥረው ይዘውት ነበር። ስለዚህ በእንግሊዝ የሚመራው የምሥራቅ አፍሪካ እግረኛ ጦር ወንዙን ተሻገረ፤ ማዶውንም ያዘ። ከዚያም በአዳማ አልፎ መጋቢት 28 ቀን አዲስ አበባ ገባ።

እንግዲህ ዋናውን ቁም ነገር ያዙልን፦ መሰናክል የሚሠራው በዓይንና በተኩስ ሲጠበቅ ነው። ጠባቂ የሌለው መሰናክል ጠላትን ያዘገያል እንጂ አያስቆምም።