ተሞልቶ የመጣ የሰዓት መዝገብ



ውድ አድማጮቻችን፣ ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን። የዛሬው ርዕሳችን ደረቅ የቢሮ ጉዳይ ሊመስላችሁ ይችላል። ይሁን እንጂ በአሜሪካ የምትኖር አንዲት እህታችን ያቀረበችልን ጥያቄ በየቤታችን ከሚገባው ሪዝቅ ጋር የተያያዘ ሆኖ አግኝተነዋል።

እህታችን በአንድ የሕፃናት ማቆያ ትሠራለች። ጠዋት የምታስተምረው በ«ሄድ ስታርት» ክፍል ነው። ይህ ከ1965 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የፌዴራሉ መንግሥት ለችግረኛ ቤተሰብ ልጆች ገንዘብ የሚሰጥበት ፕሮግራም ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወላጆች ከኪሳቸው በሚከፍሉበት ክፍል ትሠራለች። በየሁለት ሳምንቱ ታይም ሺት ይሰጣታል። ወረቀቱ ግን ተሞልቶ ነው የሚመጣው፤ 80 ሰዓቱም በሙሉ ለሄድ ስታርት የተሠራ ይላል። ከእርሷ የሚጠበቀው ፊርማ ብቻ ነው። «ደመወዜ ያው ነው፤ አንድ ሳንቲም አልጨመረልኝም። ብፈርም ምን አለበት?» ስትል ጠየቀችን።

እስቲ ገንዘቡን እንከተለው። የእህታችን ግማሽ ቀን የሚውለው ከፋይ ወላጆች ባሉበት ክፍል ነው። የዚያን ግማሽ ቀን ደመወዝ መክፈል የነበረበት የእነዚያ ወላጆች ክፍያ ነበር። ወረቀቱ ሁሉንም ለሄድ ስታርት ሲያደርገው ግን የከፈሉት የድሆቹ ልጆች ሆኑ፤ ለእነርሱ የተመደበው ገንዘብ ለሌሎች ልጆች አስተማሪ ዋለ ማለት ነው። የእርሷ ደመወዝ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ከማን ድርሻ እንደተከፈለ ነው።

የአገሪቱ ሕግም ዝም አላለም። ከዲሴምበር 26 ቀን 2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው «ዩኒፎርም ጋይዳንስ» የተባለው ደንብ በድጎማ ላይ የሚጻፍ ደመወዝ በትክክል የተሠራውን ሥራ በሚያሳይ መዝገብ እንዲደገፍ ያዛል። መዝገቡም ሠራተኛው የሚከፈልበትን ሥራ በሙሉ ማሳየት አለበት፤ የድጎማውን ብቻ ነጥሎ አይደለም። በጀት ላይ የተያዘ ግምት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ለጊዜው በግምት መጻፍ ይቻላል፤ ኋላ ግን ከተሠራው ጋር ተመሳክሮ መስተካከል አለበት። በሰዓት ለሚከፈላቸውማ በየቀኑ የሠሩት ጠቅላላ ሰዓት መመዝገብ ይኖርበታል። ቀድሞ በነበረው ደንብ በጎ አድራጎት ድርጅቶች በየወሩ የተፈረመ ሪፖርት እንዲይዙ ይገደዱ ነበር። አዲሱ ደንብ ስለ ወረቀቱ ዓይነት ላላ ብሏል፤ ስለ እውነትነቱ ግን አልላላም።

«ይህ የትናንሾች ችግር ነው» የሚል ካለ፣ በ2008 (እ.ኤ.አ.) የል ዩኒቨርሲቲ 7.6 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል መስማማቱን ያስታውስ። ከቀረቡበት ክሶች አንዱ፣ አንዳንድ ተመራማሪዎች በክረምት ሌላ ሥራም እየሠሩ ጊዜያቸውን በሙሉ በመንግሥት ድጎማ ላይ አስጽፈዋል የሚል ነበር። ክሱ የተመሠረተበት ሕግ በእርስ በርስ ጦርነታቸው ዘመን፣ በ1863፣ ለጦሩ በማጭበርበር ዕቃ በሚያቀርቡ ነጋዴዎች ምክንያት የወጣ ነው። የጉዳቱን ሦስት እጥፍ ያስከፍላል።

ወደ እኛው ስንመለስ፣ የፊቅህ ሊቃውንት በጊዜ የሚቀጠረውን ሠራተኛ «አጂር ኻስ» ይሉታል፤ የሸጠው ጊዜውን ነው። የተሸጠ ነገር ደግሞ ይሰፈራል። በሚዛን የሚያጎድሉ ሰዎች በስማቸው የተጠራ የቁርኣን ምዕራፍ፣ አል-ሙጠፊፊን፣ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ሰዓትን ከዚህ ሚዛን የምናወጣበት ምክንያት አይታየንም።

እንግዲህ እህታችን ምን ታድርግ? አትፈርሚ ብለናታል። ይህን ማለት ለእኛ ቀላል ነው፤ የቤት ኪራይ የምትከፍለው እርሷ ናት። ስለዚህ በጠብ አትጀምሪ አልናት። ደብተር ገዝተሽ በየቀኑ የት ክፍል ስንት ሰዓት እንደዋልሽ ጻፊ፤ አስተማሪ ቀርታ ጠዋት ክፍል ብትቆዪም ጻፊው። ከዚያ ለአለቃሽ በጨዋ ደንብ አሳዪያት። ብዙ ጊዜ ነገሩ ተንኮል ሳይሆን የሒሳብ ክፍሉ ከበጀት ላይ የገለበጠው ነው። እምቢ ካሉሽና ለሚመለከተው ክፍል ብትጠቁሚ፣ የድጎማ ተቀባይ ድርጅት ሠራተኛን ከበቀል የሚከላከል የፌዴራል ሕግ አለ።

በየማኅበሩ ድጎማ የምታስተዳድሩ ወንድሞችና እህቶችም አደራ፤ ቅጹን ለሠራተኛው ባዶውን ስጡት። መዝገቡም የመጨረሻው የሒሳብ ሪፖርት ከገባ በኋላ ቢያንስ 3 ዓመት መቀመጥ አለበት።

እህታችን ባለፈው ሳምንት መልሳ ደውላ ነበር። አለቃዋ ደብተሩን አይታ ለጊዜው ዝም ብላለች፤ በማግስቱ ግን ባዶ ቅጽ ሰጠቻት። እህታችን 43 ሰዓት ለጠዋቱ ክፍል፣ 37 ሰዓት ለከሰዓቱ ጽፋ ፈርማለች። ያለፉትን ወራት ወረቀቶች ግን ገና አልነኳቸውም፤ እነርሱም እንዲታረሙ በጽሑፍ ጠይቃለች፤ መልስ እየጠበቀች ነው።

ሰዓታችን ደረሰ።