እህሉ ከገባ በኋላ ቤቱን ማን ይሰማዋል?

(ለረድኤት ሥራ ደጋፊዎች ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ እህልና ስለ ውኃ ጕድጓድ ሳይሆን፣ እርዳታው ከደረሰ በኋላ በቤት ውስጥ ስለሚሆነው ነገር ነው። በአንድ የሥራ ቦታችን ለአንድ ቤተሰብ በሬ ሰጥተን ነበር። የመዘገብነው የባልዮውን ስም ነው፤ ያነጋገርነውም እርሱን ብቻ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ስንመለስ በሬው ተሸጧል፣ ባልና ሚስት ተኳርፈዋል፣ ትልቁ ልጅ ከቤት ወጥቶ ወደ ከተማ ሄዷል። እኛም እንደ ልማዳችን ሚስቲቱን «ስለ ልጆችሽ ስትዪ ቻዪው» ብለን፣ ጸልየን ወጣን። በማግስቱ እርስዋም ወደ ወላጆችዋ ሄደች። ስሕተታችን መጸለያችን አልነበረም፤ ሳንሰማ መምከራችን ነበር።

ከዚህም የተነሣ ስለ ቤተሰብ ምክር መማር ጀመርን። ብዙ ካስተማሩን መካከል አንዲቱ አሜሪካዊቷ ቨርጂኒያ ሳቲር ናት። ሳቲር በ1916 እ.ኤ.አ. በዊስኮንሲን ግዛት ተወለደች፤ ያደገችውም በእርሻ ቤት ነው። በ5 ዓመትዋ ትርፍ አንጀት ታመመች። የእናትዋ እምነት ወደ ሐኪም መሄድን ስለማይቀበል፣ አባትዋ እንቢ ብሎ እስኪወስዳት ድረስ አንጀትዋ ፈንድቶ ነበር፤ ወራትም በሆስፒታል ተኛች። የወላጆች አለመስማማት በልጅ ላይ ምን እንደሚያደርስ በገዛ ሰውነትዋ አየች ማለት ነው።

ካደገች በኋላ አስተማሪ ሆነች፤ የተማሪዎችዋንም ቤት እየሄደች ትጠይቅ ነበር። ከዚያም በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ተማረች። በዚያ ዘመን አማካሪ የሚያነጋግረው በሽተኛውን ለብቻው ነበር። በ1951 ግን አንዲት ወጣት ስታክም፣ ልጅቱ ከተሻላት በኋላ የእናትየው ቅሬታ መጣ። ሳቲርም እናትየውን ጠራች፤ ቀጥሎ አባትየውን፣ ቀጥሎም ወንድምየውን። ሁሉም በአንድ ክፍል ሲቀመጡ ሕመሙ በአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን በመካከላቸው ባለው አነጋገር ውስጥም እንዳለ ተረዳች። ይህን ዘዴ በ1964 ባሳተመችው መጽሐፍ አስፋፋችው፤ በ1988 እስክታርፍም ድረስ በብዙ አገሮች አስተማረች።

ትምህርትዋ ለእኛም ሰው የቀረበ ነው። ሰው ሲፈራ በአራት መንገድ ይናገራል ትላለች። አንዱ ይለማመጣል፤ ውስጡ እያረረ «እሺ፣ ይሁን» ይላል። ሌላው ጣቱን እየቀሰረ ይወቅሳል። ሦስተኛው ስሜት እንደሌለው ሰው ደረቅ ምክንያት ይደረድራል። አራተኛው ወሬ ያስቀይሳል። መድኃኒቱ ልብ፣ ፊትና አፍ አንድ ነገር የሚናገሩበት አነጋገር ነው።

ሳቲር የወንጌል ሰባኪ አልነበረችም፤ ስለ ኃጢአትና ስለ መዳን የምናምነውን ከእርስዋ አንማርም። ነገር ግን ያዕቆብ በምዕራፍ 1 ቁጥር 19 ለመስማት እንድንፈጥን ሲያዝዘን፣ እንዴት እንደሚሰማ ከሚያሳየን ሰው መማር ነውር አይደለም።

ወደዚያው ቤት ተመለስን። በዘመድ በኩል አስልከን ሚስቲቱን፣ ባልዮውን፣ እናቱንና ከከተማ የመጣውን ልጅ በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጥን። ማንንም ሳንመክር ለእያንዳንዱ አንድ ጥያቄ አቀረብን፦ በሬው ሲሸጥ ምን ተሰማህ? አንቺስ? ባልዮው ብዙ ዝም ካለ በኋላ የአራጣ ዕዳ እንደነበረበትና ለመናገር እንዳፈረ ገለጠ። ሚስቲቱ «እኔን ያቃጠለኝ በሬው አይደለም፤ ከገበያ ሰዎች መስማቴ ነው» አለች። ልጁ ደግሞ በሬው የተሸጠው በእርሱ የትምህርት ወጪ እየመሰለው ከቤት መውጣቱን ተናገረ። አባቱ ይህን ሲሰማ አለቀሰ።

ሚስቲቱ ወደ ቤትዋ ተመለሰች። ልጁ ግን እንደገና ወደ ከተማ ሄደ፤ አሁን ወላጆቹን መጥቶ ይጠይቃል። ሁሉ ነገር ተስተካከለ አንላችሁም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ዱላ ባለበት ቤት ባልና ሚስትን አንድ ላይ አስቀምጦ «ተናገሩ» ማለት አይገባም። በቀን እውነት የተናገረች ሴት ማታ ዋጋ ትከፍልበታለችና። አስቀድሞ ለብቻዋ ትሰማ፣ መጠጊያም ይፈለግላት። «ቻዪው» የሚለው ቃል በዚህ ጊዜ ምክር አይደለም።

ዛሬ እርዳታ ስንሰጥ የባልንም የሚስትንም ስም እንመዘግባለን፤ ሁለቱንም እናነጋግራለን። ይህ ጊዜ ይፈልጋል። አንድ በሬ ለማስረከብ ግማሽ ቀን ይበቃል፤ አንድን ቤተሰብ ለመስማት ግን ደጋግሞ መሄድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ስትሰጡ የበሬውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የሠራተኛውንም ቀን አስቡልን። በጸሎታችሁም ለመስማት ትዕግሥት እንዲሰጠን ለምኑልን።

የሰላም አምላክ ከቤተሰቦቻችሁ ሁሉ ጋር ይሁን። አሜን።