ስለ ክንድ ጀርባ ጡንቻና ስለ ግቢያችን ብረት

(የማኅበሩ ጸሐፊ በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ያሰማው ንግግር ነው። በዕለቱ መገኘት ላልቻሉ ነዋሪዎች እንዲደርስ በዚህ ሰሌዳ ተለጥፏል።)



የዛሬው አጀንዳ አንድ ብቻ ነው። እንደሚታወቀው ከማኅበሩ ዕቃ ቤት ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ልጆቻችን ማታ ማታ ብረት ይገፋሉ። ስለዚሁ ቦታ ለኮሚቴው ሁለት ማመልከቻ ደርሶታል። አንደኛው ይዘጋ ይላል። ብረቱ መሬት ሲመታ ሕፃን ይቀሰቅሳል፤ ደግሞም በቅርቡ ከቧንቧው ጫፍ የሲሚንቶው ክብደት ሾልኮ አንድ ልጅ እግር አጠገብ ወድቋል፤ ስንዝር ነው የሳተው። ሁለተኛው ማመልከቻ የልጆቹ ነው፤ እሱ ደግሞ መብራት ይግባልን ይላል። ኮሚቴው እኔ ነገሩን አጣርቼ እንዳቀርብ ስላዘዘኝ ሦስት ሳምንት ማታ ማታ እየሄድኩ አየሁ፣ ጠየቅሁ፣ የጤና ባለሙያም አነጋገርኩ። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለሆነ ባለሙያው የነገረኝን ሁለት ሦስቴ እያስደገምኩ ነው የጻፍኩት። ሐሳቤን አስቀድሜ ልናገር፦ ቦታው አይዘጋ ባይ ነኝ፤ አሠራሩ ግን ይታረም።

እንግዲህ ምን አየሁ? ግድግዳው ላይ የተሰበረ መስታወት ተሰቅሏል። ልጁ ሁሉ መስታወቱ ፊት ቆሞ በወተት ጣሳ ሲሚንቶ የተሞላውን ክብደት ወደ ደረቱ ያጥፋል፣ ይዘረጋል፣ ያጥፋል። የሚያሳድገው የፊተኛውን ጡንቻ ነው፤ ባይሴፕስ የሚሉትን፣ እጅ አጥፈን «እስቲ ንካው» የምንልበትን። አንዱን ልጅ የኋላውንስ ለምን አትሠራም ብዬ ብጠይቀው «እሱ አይታይማ ጋሼ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ መስታወት ፊት ሲቆሙ አይታይም። ነገር ግን የላይኛው ክንዳችን ውስጥ ትልቁ ጡንቻ የኋላው ነው። እጁ እንዲወፍርለት የሚፈልግ ልጅ ትልቁን ትቶ ትንሹን ሲያደክም ይከርማል ማለት ነው።

የኋላው ጡንቻ ስሙ ትራይሴፕስ ይባላል፤ ትርጉሙ ባለ ሦስት ራስ ማለት ነው። ሁለቱ ራሶች ከክንድ አጥንት ይነሣሉ። ሦስተኛው፣ ረጅሙ፣ ከዚያ ከፍ ብሎ ከትከሻ ኋላ ካለው ጠፍጣፋ አጥንት ይጀምራል። ሦስቱም ወርደው በአንድ ጅማት ክርናችን ጫፍ ላይ፣ ጠረጴዛ ስንደገፍ በሚነካው አጥንት ላይ ይታሰራሉ። ሥራቸው የታጠፈ ክንድ ማቃናት ነው። በአጭሩ የፊተኛው ይስባል፣ የኋላው ይገፋል።

የአቃቂ ቃሊቲ ሰው ደግሞ ኑሮው መግፋት ነው። ጋሪ የሚገፋ አለ። 50 ኪሎ የሲሚንቶ ከረጢት የጭነት መኪና ላይ ወደ ላይ የሚያሻግር አለ። እናቶች ሊጥ ሲያቦኩ፣ ልብስ ሲያሹ፣ ከበርጩማ ጉልበታቸውን ተደግፈው ሲነሡ የሚሠራው ይኸው የክንድ ጀርባ ነው። እጃችሁን እዚያ ላይ አድርጋችሁ ወንበራችሁን ተደግፋችሁ ለመነሣት ሞክሩ፤ ሲጠነክር ይሰማችኋል። (በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ሞከረና ሳቅ ሆነ።)

ስለ ክንድ ሲነሣ አንድ ሰው ትዝ ይለኛል። አበበ ቢቂላን የማያውቅ በዚህ ስብሰባ የለም። በ1952 ዓ.ም. መጨረሻ ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ በጫማ ማራቶን አሸነፈ። ሁላችንም የምናወራው ስለ እግሩ ነው። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ግን የሚነዳት መኪና ተገለበጠችበትና አንገቱ ላይ ተጎዳ። መጀመሪያ እጁም እግሩም አልታዘዝ አለው። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል የሚባል ሆስፒታል ተወስዶ ወራት ታከመ። እግሮቹ አልተመለሱም፤ እጆቹ ግን ተመለሱለት። ታዲያ ሰውዬው በተመለሱለት እጆች ምን አደረገ? በ1962 ዓ.ም. ክረምት እዚያው እንግሊዝ አገር በዊልቸር ተቀምጦ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በሚቀጥለው ዓመት ኖርዌይ ሄዶ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ላይ ውድድር አንደኛ ወጣ። ያረፈው በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ነው፤ ገና 41 ዓመቱ ነበር።

ባለሙያውን ስጠይቀው እንዲህ ሲል አስረዳኝ። እግሩ የማይሠራ ሰው ከአልጋ ወደ ዊልቸር የሚሻገረው ሁለት መዳፉን ተጭኖ፣ ክርኑን አቃንቶ፣ መላ ሰውነቱን በክንዱ አንሥቶ ነው። ያንን የሚያደርገው የክንድ ጀርባ ጡንቻ ነው። ይህ ጡንቻ ከሠራ ሰው ሳይጠራ ከአልጋው ይወርዳል፤ ካልሠራ የሚያወርደው ይጠብቃል። ቀስትም ሲሳብ አንዱ እጅ ገመዱን ወደ ኋላ ሲስብ ሌላው ደጋኑን ይዞ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ ቀጥ የሚያደርገው ይኸው ነው። እንግዲህ ይህንን ጡንቻ የመስታወት ጉዳይ ብቻ አድርጎ ማየት ትክክል አይመስለኝም።

በሰፈራችን በክራንች የሚሄዱ ሰዎች አሉን፤ ለእነሱ አንድ ነገር ላስተላልፍ። ክራንቹን ብብታችሁ ላይ አትደገፉት። ከክንድ አጥንት ኋላ፣ ከዚሁ ጡንቻ ሥር፣ የእጅ አንጓን ቀና የሚያደርግ ነርቭ ያልፋል፤ ብብት ላይ ለረጅም ጊዜ ከተጫኑት ይደነዝዝና እጅ ከአንጓው ይወድቃል። ክብደቱ መዳፍ ላይ ይሁን፤ ክራንቹ ከብብት በታች ሁለት ሦስት ጣት ያህል ይጠር። ይህ እንዲሆን ደግሞ የክንድ ጀርባ መጠንከር አለበት።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ፤ ወጣቶች፣ ይህንን አድምጡ። ትልቁ ችግራችሁ ከባድ ብረት ካልሆነ ጡንቻ አያድግም ማለታችሁ ነው። እንደዚያ አይደለም። መካከለኛም ቀላልም ክብደት ያሳድጋል፤ የሚፈለገው በየዙሩ መጨረሻ ላይ ጡንቻው በእውነት መድከሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ከጃፓን የወጣ አንድ ጥናት አለ። ሰዎቹን ለ12 ሳምንት አንዱን ክንዳቸውን ከራስ በላይ አድርገው፣ ሌላውን ከጎናቸው አውርደው ክርን የማቃናት ሥራ አሠሯቸው። ከራስ በላይ የሠራው ክንድ ያነሣው ክብደት ያነሰ ነበር፤ ጡንቻው ግን ይበልጥ አድጎ ተገኘ፤ በተለይ ያ ከትከሻ የሚነሣው ረጅሙ ራስ። ክንድ ወደ ላይ ሲሆን ረጅሙ ራስ ተለጥጦ ስለሚሠራ ነው ይላሉ። እኔ ይህን ስሰማ ደስ ያለኝ ስለ ሌላ ነገር ነው፦ ቀላል ክብደት ማለት ሕፃን የማይቀሰቅስ ክብደት ነው።

ስለዚህ ብረት መፈለግ አያሻም። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሲሞላ 5 ኪሎ ነው፤ ግማሹ ሁለት ተኩል። ሚዛን መግዛት ቀረ ማለት ነው። ክዳኑን አጥብቃችሁ ዝጉ፤ ጀሪካኑን በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ከራስ በላይ አንሡ፤ ክርን ብቻ እያጠፋችሁ ወደ ማጅራት ኋላ ቀስ ብላችሁ አውርዱ፤ ከዚያ ክንዱ እስኪቃና ድረስ ግፉ። ክርኖቹ ወደ ጎን አይበተኑ፣ ወገብ ወደ ኋላ አይቆልመም። ሲወርድ ሦስት እስክትቆጥሩ ይፍጅ። ያየሁት ግን ሲወርድ ለቀቅ፣ ሲነሣ ደግሞ በወገብ ወርወር ነው፤ እንዲያ ሲሆን ክንዱ አልሠራም፣ ወገቡ ነው የሠራው።

ሁለተኛው ፑሽአፕ ነው። እጆች በትከሻ ስፋት ወይም ከዚያ ትንሽ ጠበብ ብለው፣ ክርን ከጎድን ሳይርቅ። ሁለቱ አውራ ጣቶች እስኪነካኩ ድረስ የምታጠቡ አላችሁ፤ አንጓ ሊያሳምም ይችላል። መሬት ላይ የማይችል በጠረጴዛ፣ ጠረጴዛም የሚከብደው በግድግዳ ይጀምር። ሦስተኛው ግራና ቀኝ ባሉት ሁለት ቧንቧዎች መካከል ሆኖ ራስን ማንሣት ነው። ይህ ጥሩ ነው፤ ግን ትከሻ ከክርን በታች እስኪሆን ድረስ አትዝቀጡ፤ ትከሻ የሚጎዳው እዚያ ላይ ነው። ፑሽአፕ 20 ያልሞላለት ልጅ ወደዚያ ባይሄድ ይሻላል።

መጠኑን በተመለከተ፣ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ በመካከሉ ቢያንስ አንድ ቀን እየተረፈ፣ እያንዳንዱን ሥራ ሦስት ዙር ከ8 እስከ 15 ጊዜ። 15ቱ ሲቀል ውሃ ጨምሩ። በየቀኑ መሥራት ጉብዝና አይደለም፤ ጡንቻ የሚያድገው በዕረፍቱ ነው። ቀን ሲሚንቶ ሲጭን የዋለ ልጅ ደግሞ ክንዱ ሥራውን ሠርቶ ነው የሚመጣው፤ ያን ቀን ይረፍ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጉልበት ይጨምራል፣ መጠኑ ግን ብዙም አይለወጥም፤ በዓይን የሚታይ ነገር ለማግኘት ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል። በነጋታው የሚመጣ የጡንቻ ድካም ያለ ነው፣ በሁለት ሦስት ቀን ይለቃል። ክርን ጫፍ ላይ የሚወጋ ሕመም ግን ሌላ ነው፤ ጅማቱ ነው የሚጮኸው፤ ክብደቱን ቀንሱ፣ ካልተሻለ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ምግብን በሚመለከት ብዙ አልልም። እንቁላልና ወተት የሌለው ልጅ በሽሮ፣ በምስር፣ በባቄላ ያድጋል፤ ጾምም ቢሆን። ይልቅ በደንብ ይብላ፣ በደንብ ይተኛ።

ስለ መርፌና ኪኒን ግን ዝም ማለት አልችልም። ጡንቻ ያሳድጋል የሚባለው የወንድ ሆርሞን መርፌ ያለ ሐኪም ሲወሰድ የወንዱን ፍሬ ያሳንሳል፣ ልጅ መውለድን ያስተጓጉላል፣ ልብን ይጎዳል። ሰውነት ያወፍራል እየተባለ የሚወሰደው ዴክሳሜታሶን ደግሞ የባሰ ነገር አለው፦ ፊትን ይነፋል፣ የትከሻና የጭን ጡንቻን ግን ይበላል። እንግዲህ ክንድ ሊያሳድግ ገንዘብ ከፍሎ ክንዱን የሚያስበላ ልጅ እንዳይኖረን እለምናለሁ። ወላጆችም የኪስ ፍተሻ ሳይሆን ጥያቄ ጠይቁ።

አባቶችና እናቶች፣ ይህ የልጆች ጨዋታ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። ጡንቻ ከአርባ ዓመት አካባቢ ጀምሮ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከስልሳ በኋላ ይብሳል። ደግነቱ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1990 አሜሪካን አገር ዕድሜያቸው 90 አካባቢ የሆኑ ደካማ አዛውንቶችን ለ8 ሳምንት እግራቸውን በክብደት አሠርተው ጉልበታቸው በእጅጉ ጨምሮ ተገኝቷል። የክንድም ጡንቻ ያው ጡንቻ ነው። ለእናንተ ሁለት ነገር ይበቃል። አንዱ ግድግዳ ፊት አንድ እርምጃ ርቆ ቆሞ፣ መዳፍን በትከሻ ልክ አሳርፎ፣ ቀስ ብሎ ቀረብ ማለትና መግፋት ነው፤ 10 ጊዜ። ሁለተኛው መደገፊያ ካለው፣ ከማይንሸራተት ወንበር ላይ መዳፍን ተጭኖ መነሣትና ቀስ ብሎ መቀመጥ። ስትገፉ ትንፋሻችሁን አትያዙ፤ በተለይ ደም ግፊት ያለባችሁ። ሐኪም አትሥሩ ያላችሁ ካላችሁ የእሱን ስሙ። ልጃገረዶችም ወንድ እንመስላለን ብላችሁ አትፍሩ፤ በጀሪካን ወንድ የሆነች የለችም።

አሁን ለውሳኔ የማቀርበው ይህ ነው። ብረቱ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ አይነካ። ክብደት የሚያርፍበት ቦታ ላይ አሮጌ የመኪና ጎማ ይነጠፍ፤ ጎማ የሞላበት ሰፈር ነው ያለነው። የቧንቧው ሁለት ጫፍ ተበስቶ ብሎን ይግባበት፤ ብሎን የሌለው ቧንቧ ከግቢው ይውጣ። ተጋድሞ ብረት የሚገፋ ሰው ያለ ጓደኛ አይሥራ። ጠዋት ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ያለው ጊዜ ለእናቶችና ለአዛውንቶች ይሁን፤ ወጣቶቹም ተራ ገብተው ያግዙ። መብራቱን ማኅበሩ ያስገባል፤ ፍጆታውን ግን የሚሠሩት ልጆች ከኪሳቸው ያዋጣሉ። ይዘጋ ብለው ያመለከቱት ጎረቤቶቻችን የተናገሩት ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ስለዚህ ለሦስት ወር እንሞክረውና ሕፃኑ አሁንም ከተቀሰቀሰ እነሱው ራሳቸው እዚህ ቆመው ይንገሩን።



የማኅበሩ ጸሐፊ

ማስታወሻ፦ ሐሳቡ በእጅ ማውጣት ተቆጥሮ በብዙ ድምፅ ጸድቋል። የሦስት ወሩ ሙከራ መብራቱ ከሚገባበት ቀን ጀምሮ ይቆጠራል። የብየዳ ወይም የቧንቧ ሙያ ያላችሁ በመጪው ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ግቢው እንድትገኙ፣ አሮጌ ጎማ ያላችሁም ይዛችሁ እንድትመጡ እንጠይቃለን።