የውሻ ክትባትና የባለሙያ ቃል
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




በዚህ መድረክ ላይ ዘወትር የሚነገረው ስለ ድልድይ፣ ስለ ግድብ፣ ስለ ኤሌክትሪክ መስመርና ስለ ሕንፃ መሠረት ነው። እኔ ግን ዛሬ ስለ ውሻ ለመናገር ፈቃዳችሁን እጠይቃለሁ። ርእሱን ለአዘጋጁ ኮሚቴ ባቀረብሁ ጊዜ፣ ከኮሚቴው አባሎች አንዱ ፈገግ ብለው «ይህ የሐኪሞች ማኅበር ጉዳይ አይደለምን?» ሲሉ ጠይቀውኝ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱንም በንግግሬ ፍጻሜ ላይ ለመስጠት እሞክራለሁ።

የምኖረው በጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወስደው አቀበት አጠገብ ነው። ሰፈሩን የምታውቁት ሁሉ እንደምታስታውሱት፣ ቀን የሸማኔው መወርወሪያ፣ ሌሊት ደግሞ ከተራራው የሚወርደው ጅብ ድምፅ የሚሰማበት አካባቢ ነው። በእንዲህ ያለው ሰፈር ውሻ የግቢ ዘብ እንጂ ጌጥ አይደለም። ድመት እህሉን ከአይጥ ትጠብቃለች፤ አህያም የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ናት። ስለዚህ እንስሳው ሲታመም የሚጎዳው የባለቤቱ ስሜት ብቻ አይደለም፤ ኑሮውም አብሮ ይናጋል።

ይህን ንግግር ሳዘጋጅ፣ ከጎረቤቶቼም ከእናንተም መካከል እንስሳት የሚያሳድጉትን ስለ እንስሳት ክሊኒኮች ያላቸውን ልምድ ጠይቄአቸው ነበር። የሰማሁት ነገር ሁለት መልክ አለው። አንዱ ባልደረባችን፣ ቡችላው በፓርቮ በሽታ ተይዞ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ በያዘው ጊዜ፣ ሐኪሙ ምንም ሳይደብቅ «የመዳኑ ዕድል አነስተኛ ነው፤ ሕክምናው ይህን ያህል ያስወጣዎታል፤ ውሳኔው የእርስዎ ነው» እንዳለው አጫውቶኛል። ቡችላው ሞተ። ባልደረባችን ግን ዛሬም ሌላውን ውሻውን የሚወስደው ወደዚያው ሐኪም ነው። አንዲት ጎረቤቴ ደግሞ ድመታቸው ምን ዓይነት መርፌ እንደ ተወጋች ጠይቀው «ጥሩ መድኃኒት ነው» ከማለት በቀር መልስ አላገኙም። ሌላው ሰው ውሻው ሚዛን ላይ ሳይወጣ መድኃኒቱ በዓይን ግምት እንደ ተሰጠው ነግሮኛል። የመጀመሪያው እንስሳ ሞቶ ሳለ ባለቤቱ ረክቷል፤ የኋለኞቹ እንስሳት ድነው ሳሉ ባለቤቶቻቸው አኩርፈዋል። ከዚህም የተነሣ፣ ሰው ከክሊኒክ የሚፈልገው ፈውስን ብቻ ሳይሆን የታመነ ቃልን ጭምር መሆኑን ለመረዳት ችያለሁ።

ወደ ራሴ ታሪክ ከመግባቴ በፊት፣ ስለ ሙያው አመጣጥ ጥቂት ማንሣት ተገቢ መስሎ ይታየኛል። በዓለም የመጀመሪያው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1761 በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ ሲመሠረት፣ ዋናው ምክንያት ከብት የሚፈጀው የደስታ በሽታ ነበር። ይኸው በሽታ እ.ኤ.አ. በ1887 በምጽዋ በኩል ወደ አገራችን ገብቶ የበሬውን ዘር በማጥፋቱ፣ በታሪካችን ክፉ ቀን የተባለው ረሀብ እንደ ደረሰ የታወቀ ነው። ስለዚህ በአገራችንም የእንስሳት ሕክምና ትኩረቱን በቀንድ ከብት ላይ ማድረጉ አያስደንቅም። በደብረ ዘይት፣ በዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 የክትባት ማምረቻ ተቋም ተመሠረተ፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ደግሞ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ተከፈተ። ከአያሌ ዓመታት ድካም በኋላም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2008፣ መላው ዓለም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ከደስታ በሽታ ነጻ መሆናቸው ተረጋገጠ። ይህ የሙያው ታላቅ ድል ነው። የከተማው ውሻና ድመት ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ዘግይተው የመጡ ታካሚዎች ናቸው።

ከዚህ አጠቃላይ ሁኔታ የሚለየው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በነሐሴ 1895 ዓ.ም. ይህ በሽታ በአዲስ አበባና በሌሎችም የአገሪቱ ክፍሎች ተነሥቶ እንደ ነበር ታሪክ መዝግቧል። እኛ የጉለሌ ሰዎች ደግሞ ከበሽታው ጋር ልዩ ትውውቅ አለን። በ1940ዎቹ ዓመታት የተቋቋመውና ሰፈሩን ሁሉ «ፓስተር» ያሰኘው ተቋም የሚገኘው በእኛው አካባቢ ነው። ተቋሙ ስሙን ደጋግሞ ለውጦ፣ በ2006 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ተብሏል። ሕዝቡ ግን ዛሬም «ፓስተር» ይለዋል። ለረጅም ዘመን እዚያ ይዘጋጅ የነበረው ክትባት ከበግ አንጎል የሚሠራ ሲሆን፣ በውሻ የተነከሰ ሰው በየቀኑ እየተመላለሰ ሆዱን ይወጋ ነበር። ከእናንተ መካከል በዕድሜ ጠና ያላችሁት የዚያን መርፌ ዝና አትረሱትም። በዘመናዊው ክትባት የመርፌው ቁጥር እጅግ ቀንሷል። ያልተለወጠው ነገር ቢኖር፣ የበሽታው ምልክት አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ የሰው ሕይወት የሚተርፈው እጅግ በጣም አልፎ አልፎ ብቻ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። መከታ የሚባል ውሻ አለኝ። በአንድ የክረምት ቀን ዓመታዊ ክትባቱን ለማስከተብ በከተማችን ወደሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድሁት። መብራት ጠፍቶ ነበር። ሠራተኛው የክትባቱን ብልቃጥ ለማውጣት ማቀዝቀዣውን ሲከፍት፣ ከበሩ ሥር ውኃ ሲንጠባጠብ ተመለከትሁ። የቅዝቃዜ መለኪያ አልነበረም። «መብራቱ ከጠፋ ቆየ?» ብዬ ጠየቅሁ። «ከትናንት ጀምሮ ነው፤ አሁን ይመጣል» የሚል መልስ ተሰጠኝ። መከታ ተወጋ፤ የምስክር ወረቀቱ ተጻፈ፤ ማኅተም ተመታበት፤ እኔም ሂሳቤን ከፍዬ ወጣሁ።

እዚህ ላይ የማኅበራችን አባላት እንድትፈርዱኝ እፈልጋለሁ። ሙያዬ የማቀዝቀዣና የአየር ማስተካከያ መሣሪያ ነው። እንዲህ ያለው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ እንዳለበት አውቃለሁ። የቤት ማቀዝቀዣ መብራት በጠፋ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከዚያ በላይ እንደሚሞቅም አውቃለሁ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ ሥራ ይረፍድብኛል ብዬ ዝም አልሁ።

ሦስት ወር ያህል ቆይቶ፣ የጎረቤታችን የሰባት ዓመት ልጅ ኳሱን ሊያነሣ ወደ ግቢያችን ገባና መከታ ባቱን ነከሰው። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ያህል አጠብንለት። እናቱ ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል እየሮጠች መጣችና «እባክህ ወንድሜ፣ ውሻው ተከትቧል ወይ?» አለችኝ። የምስክር ወረቀቱን አውጥቼ አሳየኋት። «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ልጇን ይዛ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

እኔ ግን መቀመጥ አልቻልሁም። ያ ከማቀዝቀዣው በር ሥር ይንጠባጠብ የነበረው ውኃ በዓይነ ኅሊናዬ ይታየኝ ጀመር። ክትባቱ ኃይሉን አላጣ ይሆናል፤ አጥቶም ይሆናል። ይህን ማን ያውቃል? ኃይሉን ያጣ ክትባት ከደኅናው በመልክም በሽታም አይለይም። ግማሽ ሰዓት ያህል ከራሴ ጋር ከታገልሁ በኋላ በሯን አንኳኳሁ። «እኅቴ፣ ወረቀቱ እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ግን ስለ መሥራቱ እርግጠኛ አይደለሁም» አልኋት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ቃል የከበደኝ ጊዜ የለም። መልስ አልሰጠችኝም፤ ልጇን አዘለችና ተነሣች፤ አብሬ ወደ ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ሐኪሞቹ ክትባቱን በዕለቱ ጀመሩለት። ውሻው ክትባት ቢኖረውም ባይኖረውም፣ ታስሮ ለ10 ቀን መጠበቅ እንዳለበትም አስጠነቀቁን። የነከሰ ውሻ በነዚህ ቀናት ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፣ በነከሰበት ሰዓት በምራቁ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው።

በማግሥቱ የሰፈሩ ሽማግሌዎች መጡ። አንዱ «ልጄ፣ ይህን ውሻ ዛሬውኑ ግደለውና ቅበረው፤ ከጎረቤት አትቀያየም» አሉኝ። ምክራቸው የመጣው ከደግነት ነበር። ነገር ግን ውሻው ተገድሎ ቢቀበር ማስረጃውም አብሮት ይቀበር ነበር፤ በሽታው የሚረጋገጠው አንጎሉ በላቦራቶሪ ሲመረመር ነውና። ይህንኑ በትሕትና አስረድቼ ጊዜ ለመንኋቸው።

ያን ጊዜ የደረሰልን አንድ የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም ነው። በእግሩ አቀበቱን ወጥቶ መጣና የምስክር ወረቀቱን ተቀብሎ ካነበበ በኋላ፣ «የክትባቱ መለያ ቁጥር አልተጻፈበትም። ይህ ወረቀት መከተቡን እንጂ በምን እንደ ተከተበ አይነግረንም» አለ። ስለ ሙያ ባልደረባው ግን ክፉ ቃል አልተናገረም። በስድስተኛው ቀን መከታ ምግብ እምቢ አለ። ያችን ሌሊት በሁለቱም ቤት የተኛ ሰው አልነበረም። ሐኪሙ በማለዳ መጣና ከሩቅ ሆኖ ውሻውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። «ደኅና ነው» ብሎ ሊያጽናናን ይችል ነበር፤ እርሱ ግን «ውኃ ይጠጣል፤ ጌታውንም ያውቃል፤ ቢሆንም ገና ነው፤ እንጠብቅ» አለን። በማግሥቱ መከታ በላ። አሥሩ ቀን በሰላም አለፈ፤ ልጁም ዛሬ ጤነኛ ተማሪ ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ግሉ ክሊኒክ ተመለስሁ። የሄድሁት ልጣላ ነበር። የክሊኒኩ ሐኪም ግን የሆነውን ሁሉ ከሰማ በኋላ ራሱን ይዞ ተቀመጠና «ማቀዝቀዣው የቤት ዕቃ መሆኑን አውቃለሁ፤ መብራት ሲጠፋ የማደርገው ይጠፋኛል፤ ከተከፈትሁ ጀምሮ ስለዚህ የጠየቀኝ ደንበኛ የለም» አለኝ። ቁጣዬ በረደ። ካልጠየቁት ደንበኞች አንዱ እኔው ነበርሁና። በዚያው ሳምንት የቅዝቃዜ መለኪያ ወሰድሁለት፤ የበሩን ጎማ ለወጥሁ፤ ጠዋትና ማታ የሚሞላ መዝገብም አብረን አሰመርን። መብራት ከጥቂት ሰዓት በላይ ሲጠፋ ብልቃጦቹ በበረዶ ሣጥን ውስጥ፣ በረዶው ሳይነካቸው እንዲቀመጡ ተስማማን፤ ይህ ክትባት በሙቀት ብቻ ሳይሆን በመርጋትም ይበላሻልና።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣

ኮንክሪት ተሞልቶ ሲደርቅ፣ ደካማውም ብርቱውም በዓይን ሲታዩ አንድ ናቸው። ስለዚህም ናሙና ወስደን በ28ኛው ቀን እንጨፈልቀዋለን፤ ውጤቱንም እንመዘግባለን። ይህን የምናደርገው ግንበኛውን ስለማናምነው ሳይሆን፣ ዓይናችን ሊያየው የማይችል ነገር መኖሩን ስለምናውቅ ነው። የእንስሳት ክሊኒክም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም። ጥሩውን ክሊኒክ ከመጥፎው የሚለየው የግድግዳው ቀለም ወይም የመሣሪያው ብዛት አይመስለኝም። እንስሳውን መዝኖ መድኃኒት መስጠቱ፣ የሰጠውን በስምና በመለያ ቁጥር መጻፉ፣ የማያውቀውንም «አላውቅም» ማለቱ ነው።

እኛ ባለቤቶችም ከወቀሳ አናመልጥም። ውሻውን በሰንሰለት ሳያስሩ ክሊኒክ ይዞ መሄድ፣ እንስሳው ሊሞት ሲል ብቻ ሐኪም መፈለግ፣ ለድመት የሰውን ፓራሲታሞል መስጠት የዘወትር ስሕተቶቻችን ናቸው። ይህ የሰው መድኃኒት ድመትን እንደሚገድል ብዙዎቻችን አናውቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 2071 እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊው ባለቤቱ መሆኑን ደንግጓል። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ፤ ጥርጣሬውን የደበቀ ባለቤትም እንደዚሁ ነው።

በውሻ አማካይነት የሚመጣውን የሰው ሞት እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቀረት የዓለም ድርጅቶች ዓላማ አድርገዋል። ለዚህም ከውሾች 70 በመቶው ሊከተቡ እንደሚገባ ይነገራል። ነገር ግን በስታቲስቲክሱ ውስጥ የሚቆጠረው ብልቃጡ ነው ወይስ በብልቃጡ ውስጥ ያለው ኃይል? ይህ ጥያቄ የሐኪሙ ብቻ አይደለም፤ የማቀዝቀዣው፣ የኤሌክትሪኩና የመለኪያው ጥያቄ ነው። ለኮሚቴው አባል የምሰጠው መልስም ይኸው ነው፤ ጉዳዩ የእኛም ማኅበር ጉዳይ ነው።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከእኛ መካከል በሙያው የተሰማራን ሁሉ፣ በየሰፈራችን የሚገኝ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ መርጠን ማቀዝቀዣውን በዓመት ሁለት ጊዜ በነጻ እንመርምር፤ መለኪያ ከሌለው መለኪያ እንትከልለት። ወጪው ትንሽ ነው፤ የሚፈጀውም ግማሽ ቀን ነው። በሙያው ያልተሰማራችሁ ደግሞ እንስሳችሁን ስታስከትቡ «የማቀዝቀዣችሁ ቅዝቃዜ ስንት ነው?» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ።

እኔ ያን ቀን ይህን ጥያቄ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ፣ የጎረቤቴን በር አንኳኩቼ ያን ከባድ ቃል መናገር ባላስፈለገኝ ነበር።