የማቀዝቀዣና የማሞቂያ ሥራ ድርጅት ሲመሠረት የገንዘብ አያያዝ
(ለአዳዲስ የማህበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



በሙያችን ውስጥ ደጋግሞ የሚታይ አንድ አሳዛኝ ነገር አለ። የኮምፕረሰሩን ሕመም ገና ድምፁን ሰምቶ የሚለይ፣ የመዳብ ቱቦ ሲበይድ እንከን የማይገኝበት ባለሙያ የራሱን ድርጅት ያቋቁማል፤ ሥራም በብዛት ያገኛል፤ ዳሩ ግን ብዙም ሳይቆይ በሩን ይዘጋል። የጎደለው ሙያ አይደለም፤ ሥራም አልጠፋም። የጎደለው ገንዘቡ መቼ ገብቶ መቼ እንደሚወጣ የሚያሳይ ስሌት ነው።

በመጀመሪያ የድርጅቱና የባለቤቱ ገንዘብ ሊለያዩ ይገባል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። ዓላማው ድርጅቱ ቢወድቅ የቤተሰብ ንብረት አብሮ እንዳይወድቅ ነው። ይሁን እንጂ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያና የጋዝ መግዣ ከአንድ ኪስ የሚወጡ ከሆነ ይህ ጥበቃ በወረቀት ላይ ሊቀር ይችላል። ስለሆነም ባለቤቱ ለራሱ ደመወዝ ይቁረጥ፤ ከዚያ በላይ አይንካ።

ሁለተኛው ጉዳይ የመነሻ ካፒታል አመዳደብ ነው። አዲስ ድርጅት ያለውን ሁሉ ለቫኪዩም ፓምፕ፣ ለመበየጃና ለመኪና አውጥቶ ባዶ እጁን ሥራ ይጀምራል። መሣሪያ ግን ሥራውን ይሠራል እንጂ ደመወዝ አይከፍልም። ይህን በምሳሌ እንመልከተው።

አንድ የቀዝቃዛ ክፍል ተከላ ያለ ተጨማሪ እሴት ታክስ በ1,000,000 ብር ተዋዋልን እንበል። ቅድሚያ ክፍያው 300,000 ብር ነው። ለማሽን 600,000፣ ለቱቦና ለመሸፈኛ 100,000፣ ለጉልበትና ለማጓጓዣ 120,000፣ በድምሩ 820,000 ብር ይወጣል። በወረቀት ላይ 180,000 ብር ትርፍ ይታያል። ነገር ግን ርክክቡ እስኪፈጸም 520,000 ብር ከራሳችን ማዋጣት አለብን። በርክክቡም ጊዜ 50,000 ብር ለአንድ ዓመት በመያዣነት ስለሚቀር የምንቀበለው 650,000 ብር ነው። የቤት ኪራይ፣ የጥበቃና የሒሳብ ሠራተኛ ደመወዝ በወር 40,000 ብር ቢሆንና ሥራው ሦስት ወር ቢፈጅ 120,000 ብር ይሄዳል፤ በእጃችን የሚቀረው 10,000 ብር ነው። ደንበኛው ክፍያውን ሁለት ወር ካዘገየ ተጨማሪ 80,000 ብር ይወጣል። እንግዲህ መያዣው ከዓመት በኋላ ቢመለስም ያ ትርፋማ የተባለ ሥራ በ20,000 ብር ኪሣራ ተደመደመ። በዚህ መካከል ማንም አልሰረቀም፣ ማንም አልሰነፈም፤ ቀኑ ብቻ አለፈ።

ሦስተኛ፣ በእጃችን ያለው ሁሉ የእኛ አይደለም። ለታክሱ የተመዘገበ ድርጅት ከላይ በጠቀስነው ሥራ በ15 በመቶ ስሌት 150,000 ብር ከደንበኛው ይሰበስባል። ለግዢው የከፈለው ታክስ ተቀንሶ የሚተርፈው የመንግሥት ገንዘብ ነው። ከሠራተኛው ደመወዝ የሚቀነሰው 7 በመቶና አሠሪው የሚጨምረው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮም እንዲሁ አደራ ነው። በአደራ ገንዘብ ቱቦ የገዛ ሰው ከማንም ያልጠየቀውን ብድር ተበድሯል፤ ቅጣቱም ወለዱ ነው።

አራተኛው የውጭ ምንዛሪ ነው። የምንተክላቸው ማሽኖች በአብዛኛው ከውጭ የሚገቡ ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት በብር የተቆረጠ ዋጋ አቅርቦ ማሽኑን ገና ያልገዛ ተቋራጭ ምን እንደደረሰበት መገመት አያዳግትም። ስለዚህ የዋጋ ማቅረቢያችን የሚጸናበት ቀን ይጻፍበት፤ ቅድሚያ ክፍያውም በተገኘ ቀን ማሽኑ ይገዛ።

አምስተኛ፣ ዛሬ የምናከማቸው ዕቃ ነገ ዋጋ ሊያጣ ይችላል። በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት በማደግ ላይ ያሉ አገሮች አር-22 የተባለውን ጋዝ፣ ለነባር ማሽኖች ጥገና ከሚፈቀደው ጥቂት መጠን በስተቀር፣ እ.ኤ.አ. በ2030 ያቆማሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የጸደቀው የኪጋሊ ማሻሻያ ደግሞ አር-410ኤን የመሳሰሉትን ደረጃ በደረጃ ይቀንሳል። አዲስ ድርጅት ካፒታሉን በሚሄድ ጋዝ ከሚያስር ይልቅ በሚመጣው ጋዝ መሣሪያና ሥልጠና ላይ ቢያውለው ይሻላል።

በመጨረሻ ስለ ጥገና ውል ላንሣ። ተከላ ትልቅ ገንዘብ ያመጣል፤ ግን ይመጣል ይቀራል። የአዲስ አበባ አየር ቀዝቃዛ በመሆኑ እንደ ድሬዳዋና ሰመራ የኤሲ ገበያ በብዛት አይጠበቅበትም፤ ሆኖም የክትባት ማከማቻ፣ የሥጋና የአበባ ቀዝቃዛ ክፍል ክረምት ከበጋ ጠባቂ ይሻል። በየወሩ የሚከፈል የጥገና ውል ቋሚ ወጪን እስኪሸፍን ድረስ ድርጅቱ በእግሩ ቆመ ማለት አይቻልም።

ክቡራትና ክቡራን፣ ባለሙያ ሱቁን ሲዘጋ የሚጎዳው እርሱ ብቻ አይደለም። ያሠለጠናቸው ወጣቶች ይበተናሉ፤ የተከላቸው ማሽኖችም ጠጋኝ ያጣሉ። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ የግፊት መለኪያውን በየዕለቱ እንደምናነብ ሁሉ የገንዘብ መዝገባችንንም በየሳምንቱ እናንብብ።